ዋግ የማይጥለውን አጃ ያዳቀሉት የኢንጂነር ዙልማ ቤሩቲ ዜና ሕይወት

በዚህ በፓሶ ዴል ሳውሴ መቃብር ቦታ የሐምሌ ነፋስ እየገረፋችሁ የቆማችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ከምርምር ጣቢያው በሁለት መኪና ሞልታችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እህታችን ወደ አፈር ከመመለሳቸው በፊት ኖረው ያለፉትን ሰባ ሰባት ዓመት እናነብላችኋለን። ጽሑፉን ያዘጋጀውም፣ አሁን ቆሞ የሚያነበውም ታናሽ ወንድማቸው ዋልደማር ቤሩቲ ነው። ሥርዓቱ ስለሚያዝ ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው ያወራል፤ ለሟች የሚገባውን አንቱታ ግን ለራሱ አልወሰደም፤ ምክንያቱ ወደ ፊት ይነበባል። ጣቢያው ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኢንጂነር ዙልማ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም "41-7 የተባለው የአጃ ዘር በአዳቃይዋ ቸልተኝነት ጠፋ" ይላል። ይህ ዜና ሕይወት የተጻፈው ያ ዓረፍተ ነገር ሐሰት መሆኑን እሳቸው ሳይቀበሩ ለመናገር ነው።

ኢንጂነር ዙልማ ከአባታቸው ከዶን ባውቲስታ ቤሩቲና ከእናታቸው ከዶኛ ሴሌስቲና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 በዚሁ በፓሶ ዴል ሳውሴ ተወለዱ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በወተት ላሞች ነበርና አጃ ለዚያ ቤት የክረምት ግጦሽም የኅዳር አዝመራም ነበር፤ ላሞቹ በብርዱ ወራት ይግጡታል፣ ከዚያ ይወጡለታል፣ እሱም እንደገና አቆጥቁጦ ዛላ ያወጣና ይታጨዳል። እሳቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ግን የዶን ባውቲስታን አጃ ዋግ መታው። በስምንት ቀን ውስጥ እርሻው በሙሉ የብርቱካን ልጣጭ መሰለ፣ የላሞቹ አፍንጫና የአባትየው ሱሪ በዚያው ቀለም ተነከረ፣ በዚያም ክረምት ስምንት ላሞች ለሥጋ ተሸጡ። ዶን ባውቲስታ በሐዘን መካከልም ቀልድ የማይለያቸው ሰው ነበሩና "ከዋጉ የተረፈውን ላም ትብላው፣ ከላሟ የተረፈውን እኛ እንበላለን" ይሉ ነበር። ልጃቸው ግን ያንን ቀልድ አልሳቁበትም፤ ዕድሜ ልካቸውንም አልሳቁበትም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት የተማሩት ወንድማቸውን ከኋላቸው በፈረስ አፈናጠው እየወሰዱ ሲሆን፣ ዋልደማር የእህቱን ወገብ ይዞ እንቅልፉን ይጨርስ እንደነበር በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ። ከዚያም ወደ ዋና ከተማው ሞንቴቪዴዮ ወርደው በግብርና ትምህርት ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ሆነው በ1970 ተመረቁ። አንድ መምህራቸው ለሴት የሚመቸው የአይብ ላቦራቶሪ ነው ብለው ቢመክሯቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በዚያው ዓመት እዚህ አጠገባችን ባለው የምርምር ጣቢያ በአጃ ማዳቀል ክፍል ተቀጠሩ።

ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ጥቂት ነውና ባጭሩ ይነገር። አንዲት የአጃ አበባ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ በወረንጦ ከፍተው፣ በውስጧ ያሉትን ሦስት የወንዴ ክሮች ሳያፈርጡ ነቅለው፣ በወረቀት ሸፍነው፣ በማግስቱ የሌላውን አጃ ብናኝ ይጨምሩባታል፤ ከአሥር አበባ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢይዝ ተመስገን ነው። ከዚያ የያዘውን ዘርተው በዙሪያው ሆን ብለው በዋግ የሚታመም አጃ ይዘሩበታል፣ በሽታው እንዲጋባበት። እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ሃያ ዓመት አብረዋቸው የጎነበሱት የመስክ ሠራተኛው ዶን ቴሌስፎሮ አኩኛ ነበሩ፤ ዶን ቴሌስፎሮ ማንበብና መጻፍ ባይችሉም በአንድ ቅጠል ላይ ያለውን የዋግ ነጠብጣብ በአንድ እይታ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። "ኢንጂነር፣ ሰው ሁሉ በሽታ ሲሸሽ እኛ ደግሰን እንጠራዋለን፤ ኋላ ቢያብዱ ኃላፊነቱን አልወስድም" ይሏቸው ነበር።

በ1974 መምህር ኤድጋርዶ ሲልቬይራን አግብተው አራት ዓመት በትዳር ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። መምህር ኤድጋርዶ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን አበባ የሚከፈተው በጥቅምት ነው፣ የመምህራን ሽርሽርም በጥቅምት ነው፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አብረው አልሄዱም። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ "አንቺ እኮ አጃ አግብተሻል፤ እኔ ሚዜ ነበርኩ" ብለዋል። ኢንጂነር ዙልማ ይህን ራሳቸው ለሰው ይናገሩት ነበር፤ ሲናገሩት ድምፃቸው አይሰበርም ነበር፣ እጃቸው ግን የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር።

አሁን ወደ 41-7 እንመጣለን። ዋግን ለመከላከል አንዱ መንገድ በሽታው ጨርሶ የማይደፍረውን ንጹሕ አጃ ማውጣት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ አጃ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዳለው ቤት ነው፤ ዋጉ ያንን ቁልፍ ያገኘ ዕለት ያለ ከልካይ ይገባል። ኢንጂነር ዙልማ የመረጡት ሌላውን መንገድ ነበር፤ የእሳቸው አጃ ይታመማል፣ ቅጠሉ ጠቃጠቆ ያወጣል፣ ነገር ግን በሽታው አይገድለውም፣ ላሟም ትግጠዋለች፣ ፍሬውም ወፍጮ ይገባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸው ያገኙት ይህ ነው። የጣቢያው ኃላፊ የነበሩት ኢንጂነር አሪስቲዴስ ላራውሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚያኛው የንጹሑ አጃ አባት ነበሩ። የጉብኝት ቀን ሲሆን ገበሬውን በንጹሑ አጃ ፊት አቁመው ፎቶ ያስነሡ ነበር፤ የኢንጂነር ዙልማ መደብ ጋ ሲደርሱ ደግሞ "ይህቺ የዙልማ ጠቃጠቆ ናት፤ ዱቄት ብትቀባ ታምር ነበር" ይላሉ፣ ገበሬውም ይስቃል። ስቃችኋል። ዋልደማርም ስቋል።

በ1989 ያ ሁላችንም የምናስታውሰው ድርቅ መጣ። በጣቢያው የነበረው መሬት በሙሉ ለንጹሑ አጃ ስለተሰጠ፣ ኢንጂነር ዙልማ የ41-7ን ዘር የሚያበዙበት ቦታ አጡና ወንድማቸውን አራት ሄክታር ለመኑት። ውሉ ግልጽ ነበር፤ የዋልደማር አርባ ሁለት ላሞች አጃውን በነፃ ይግጣሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ይወጣሉ፣ በኅዳር የጣቢያው ኮሚቴ መጥቶ ፍሬውን አይቶ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል እንደሌለም ኮሚቴው በደብዳቤ አሳውቆ ነበር።

ላሞቹ የሚወጡበትን ቀን አጃው በላዩ አይናገርም፤ ከላይ ሲያዩት ለምለም ቅጠል ነው። አገዳውን ከሥሩ ቆርጦ በቢላዋ ቁልቁል መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ገና ያልወጣው የዛላ እምቡጥ በአገዳው ውስጥ ከመሬት አንድ ጣት ከፍ ካለ ላሞቹ በዚያው ቀን መውጣት አለባቸው፣ አለበለዚያ ከቅጠሉ ጋር እምቡጡን ይበሉታል፣ ከዚያ በኋላ አጃው ቅጠል እንጂ ፍሬ አይኖረውም። ኢንጂነር ዙልማ ይህን ለወንድማቸው ሦስት ጊዜ አሳይተውታል። አንዲት አዲስ ትንሽ ቢላዋም በዘር ፖስታ ጠቅልለው፣ በክር ቋጥረው ሰጡት። በሐምሌ እናታችን ዶኛ ሴሌስቲና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሞንቴቪዴዮ ሆስፒታል ሲገቡ፣ እህትየው እናታቸውን ሊያስታምሙ ሄዱ፣ አጃው ለወንድምየው ቀረ።

በየማክሰኞውና በየዓርቡ ጠዋት፣ ዋልደማር ወተት ሲያስረክብ፣ በወተት ማኅበሩ ቢሮ ስልክ ይደውሉለት ነበር።

"ሰነጠቅህ?"

"ሰንጥቄያለሁ።"

"የት ደርሷል?"

"ገና ነው ባክሽ፤ መሬት ለመሬት ነው።"

"በጣትህ ለካኸው?"

"ኧረ ለካሁ! አንቺ እማማን ጠብቂ።"

አልሰነጠቀም። አንድም አገዳ አልሰነጠቀም። በእርሻው ላይ ከዚያ አራት ሄክታር በቀር ምንም አረንጓዴ ነገር አልነበረም፣ ላሞቹ አጥንታቸው ይቆጠር ነበር፣ ቢሰነጥቀው የሚያየውን ያውቅ ነበርና ላለማየት አልሰነጠቀም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ስድስት ቀን ሙሉ አስጋጠው። በሰባተኛው ቀን እህቱ ነገ እመጣለሁ ሲሉት፣ ላሞቹን በሩጫ አስወጥቶ የሽቦውን በር ዘጋ። ለሠላሳ አራት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ነገር ይህ ነው።

በኅዳር ኮሚቴው መጣ። አጃው ቁመቱ ጉልበት አይደርስም፣ ከአሥሩ አገዳ ሰባቱ ዛላ አልነበረውም። ኢንጂነር ላራውሪ አንዱን ነቅለው በጣታቸው እያሽከረከሩ "ቀኑን የወሰነው ማን ነው?" አሉ። ዋልደማር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኢንጂነር ዙልማ ግን እሱ አፉን ሳይከፍት፣ ሊከፍትም እንዳላሰበ ሳያጡት፣ "እኔ ነኝ፤ ከሞንቴቪዴዮ ሆኜ በግምት ወሰንኩ" አሉ። በዘገባውም ላይ ይህንኑ በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈረሙ። እውነቱን ቢናገሩ ዋልደማር ከዘር አባዢዎች ማኅበር ይባረር ነበር፣ በሊዝ የያዘውንም መሬት ያጣ ነበር፣ እናታችንም በዚያ አልጋ ላይ ሆነው ልጆቻቸው መካሰሳቸውን ይሰሙ ነበር። ኮሚቴው 41-7ን ሰረዘ። በጣቢያው ደንብ የተሰረዘ ዘር ለጣቢያው ፈረሶች ይሰጣልና፣ በመጋዘን የቀረው ሁለት ኪሎ ወደ በረቱ ተላከ።

በተከታዩ ዓመት ንጹሑ አጃ በሙዚቃ ታጅቦ ወጣ፤ ኢንጂነር ዙልማም የክፍሉ ባልደረባ ናቸውና ዘሩ ለገበሬ በሚለቀቅበት ሰነድ ላይ እንዲፈርሙ ታዘዙ፣ ፈረሙም። ሦስት ዓመት አልሞላውም፣ ዋጉ ቁልፉን አገኘ። ከዚህ እስከ ሶሪያኖ ድረስ የተዘራው አጃ ሁሉ በአንድ መጸው ብርቱካንማ ሆነ። በዚያን ጊዜ ኢንጂነር ላራውሪ በዋና ከተማው ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ በሰነዱ ላይ ፈርመው እዚሁ የቀሩት ኢንጂነር ዙልማ ተጠያቂ ሆኑ። ከመስክ አውጥተው መጻሕፍት ቤት አስቀመጧቸው። እዚህ ያላችሁት ደግሞ ስም አወጣችሁላቸው። በማኅበሩ ሱቅ ዱቄት ሊገዙ ሲገቡ "ኧረ በሩን ዝጉ፣ ዶኛ ዋግ መጣች!" የሚል ሰው ነበር፤ የሚስቅ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸውም ዱቄታቸውን ገዝተው፣ "ደህና ዋሉ" ብለው ይወጡ ነበር።

አሁን የሚነበበውን ግን ከሦስት ሰው በቀር ያወቀው አልነበረም፤ ከሦስቱም ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛው ይህን የሚያነበው ነው። ሁለቱን ኪሎ ዘር ወደ ፈረሶቹ በረት እንዲወስዱ የታዘዙት ዶን ቴሌስፎሮ ነበሩ። በመንገድ ላይ እንደ ሻይ የሚጠጡትን የማቴ ቅጠል የሚይዙበትን ቆርቆሮ ደፍተው አጃ ሞሉት፤ የተረፈውን ለፈረሶቹ ሰጡ። ያንን በዶሮ ቤታቸው ጀርባ ዘሩት፣ በየዓመቱ አበዙት፣ ኢንጂነር ዙልማም እሑድ እሑድ እየሄዱ ደካማውን እየነቀሉ ጠንካራውን ያስቀሩ ነበር። ከዋጉ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ዘር አጥቶ ሲንከራተት ዶን ቴሌስፎሮ ለጎረቤት ማደል ሲጀምሩ "የማን ነው ልበላቸው?" ብለው ጠየቁ። እሳቸውም "ስሜን ካነሱ ማንም አይዘራውም፤ የእርስዎ ይሁን" አሏቸው። ዶን ቴሌስፎሮ ሽማግሌ ሆነው ያለቀሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ዛሬ በዚህ ጅረት ግራና ቀኝ የምትዘሩት፣ "የቴሌስፎሮ አጃ" የምትሉት፣ ጠቃጠቆ እያወጣ የማይሞተው፣ አሁን እኛ እዚህ ቆመን ሳለ ላሞቻችሁ የሚግጡት አጃ 41-7 ነው። በ2009 ዶን ቴሌስፎሮ በዚሁ መቃብር ሲቀበሩ አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ "ይህ ያልተማረ ሰው ኢንጂነሮቹ ያቃታቸውን ሠራ" ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ብዙ አንገትም ወደ ኋላ ዞረ፤ ኢንጂነር ዙልማ ከኋላ በኩል ካፖርታቸውን ደርበው ቆመው ነበርና። እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ። ያን የተናገረው ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ፤ ስሙን አንጠራም።

ኢንጂነር ዙልማ በ2008 ጡረታ ወጥተው፣ በአባታቸው ቤት ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው፣ በመስክ ዘመናቸው የተነፈሱት አቧራና የዋግ ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው ከሦስት ዓመት ወዲህ ያለ ኦክሲጅን መተኛት አልቻሉም ነበር። ባለፈው ግንቦት ዋልደማር በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ፣ እሳቸው የማይደርሱበትን መስኮት ሲከፍትላቸው፣ ሳያስበው ቃሉ ከአፉ ወጣ።

"ዙልማ፣ ያኔ አልሰነጠቅሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"የመጣሁ ዕለት ቢላዋው ከምድጃው በላይ መደርደሪያው ላይ ነበር። የቋጠርኩት ክር እንኳን አልተፈታም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተስ?"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። "ይቅር ብዬሃለሁ" አላሉም፤ ይህ ጽሑፍም እንዳሉ አድርጎ አይዋሽም። ስለ ላሞቹ ጠየቁት፣ ስለ ዘንድሮው አጃ ጠየቁት፣ ሾርባቸውንም ከእጁ ጠጡ። ሐምሌ 28 ቀን 2023 ከንጋቱ በኋላ፣ የምታስታምማቸው ነርስ አልጋቸውን ስታስተካክል፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከጣቢያው ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ልመና አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ መጽሐፋችሁ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳይታረም ይዞት እንዳይኖር፣ የእውነቱ ቃል ከነፊርማው በዚህ ፖስታ ውስጥ ተጽፎ ይሰጣችኋል። የዘር አባዢዎች ማኅበር አባላትም በዋልደማር ላይ የምትወስኑትን ብትወስኑ አይከራከርም፤ ውሳኔው በሠላሳ አራት ዓመት ዘግይቷል። እናንተ ጎረቤቶች ደግሞ የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ መጥታችኋል፤ በቁማቸው ሳሉ ግን በራቸውን አንኳኩቶ "ዶኛ ዙልማ፣ እንዴት አደሩ?" ያለ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፣ ከነዚያም መካከል ለመበደር የመጡት ይቀነሱ።

ኢንጂነር ዙልማ ቤሩቲ ታናሽ ወንድማቸውን ዋልደማርን፣ እንደ ልጅ ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅ ማሪሴልንና ሁለት ልጆቿን፣ እንዲሁም ከዚህ አጥር ጀምሮ እስከ ጅረቱ ማዶ ቆሞ የሚታየውን፣ በሌላ ሰው ስም የሚጠራውን አጃ ትተውልን አልፈዋል። የምድርን ፍሬ የሚሰጥ አምላክ፣ በምድር ላይ የተነፈጉትን ስም በእሱ ዘንድ ጽፎ፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛ ግን፣ ላሞቻችንን በጊዜው አውጥተን፣ ይህንን አጃ በስማቸው ጠርተን እስክናጭደው ድረስ፣ ዕረፍት አንለምንም።